በኪዮቶ አንድ ቀን፦ እንግዳ የሚሰናከለው የትና ለምንድን ነው?

ወደ ጃፓን የሚሄድ ሰው ገና ሻንጣውን ሳይዘጋ ወዳጅ ዘመድ የክልከላ ዝርዝር ያሸክመዋል። ጫማ አውልቅ፤ ባቡር ላይ ስልክ አታንሣ፤ መንገድ ላይ አትብላ፤ ቲፕ አትስጥ። ዝርዝሩ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ሸምድዶት የሄደ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ሲገጥመው ባዶ እጁን ይቀራል፤ በጃፓን ደግሞ ያልተጻፈው ከተጻፈው ይበዛል። ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ወደዚያ የሚሄዱ ተማሪዎች «ምን ምን ክልክል ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ ክልከላው የተሠራው ምንን ለመጠበቅ ይመስላችኋል?

ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ድንበር ነው። በውጭና በውስጥ መካከል፣ በንጹሕና ባልነጻ መካከል፣ በሕያዋንና በሙታን መካከል፣ በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለ ድንበር። ይህን የያዘ ሰው ያልተነገረውንም ደንብ በራሱ ይደርስበታል።

ለማሳያ ኪዮቶን መርጫለሁ። ከ794 ጀምሮ ከ1,000 ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥታቱ መቀመጫ ነበረች፤ በ1994 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የኪዮቶና የአካባቢዋ 17 ቦታዎች ብዙዎቹ በአንድ አውቶቡስ ርቀት ላይ ይገኛሉ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአማርኛ አንባቢ ጃፓንን በመጽሐፍ ካወቃት ቆይቷል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጽፈውልናል። እሳቸው የመንግሥት እንግዳ ነበሩ። የዛሬው መንገደኛ ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚቀበለው ሰው ስለሌለ፣ ሥርዓቱን አስቀድሞ ማወቅ የራሱ ሥራ ነው።

ከበሩ ጀምሮ

ሪዮካን በሚባለው ባህላዊ ማደሪያም ሆነ በመኖሪያ ቤት፣ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው ከወለሉ ዝቅ ያለ ትንሽ ቦታ ነው። ጌንካን ይባላል። ቤቱ የሚጀምረው ከዚያ አንድ እርከን ከፍ ብሎ ነው። ጫማ ታች ይወልቃል፤ እግር ከላይ ያርፋል።

የእኛ ሰው ጫማ ማውለቅ አይከብደውም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያወልቃል፣ መስጊድ ሲገባም ያወልቃል፤ የተቀደሰ ቦታ በጫማ እንደማይረገጥ ከልጅነቱ ያውቃል። የሚሰናከለው ካወለቀ በኋላ ነው። ጫማውን ታች አውልቆ፣ በካልሲው እዚያው ታች ሁለት እርምጃ ተራምዶ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። እሱ ያከበረ ይመስለዋል፤ የቤቱ እመቤት ግን የሚታያት ከመንገድ የመጣው አፈር ከካልሲው ጋር ወደ ቤቷ ሲገባ ነው። በጃፓን ጉዳዩ ከጫማው ይልቅ ጫማው የረገጠው መሬት ነው። ስለዚህ አንዱን እግር ከጫማው አውጥቶ በቀጥታ እርከኑ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ማስከተል፣ በመጨረሻም ጎንበስ ብሎ የጫማዎቹን አፍንጫ ወደ በሩ ማዞር ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን? ሀገሪቱ ዝናብና እርጥበት ይበዛባታል፤ የጥንቱ ቤት ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራው አየር ከሥሩ እንዲያልፍ ነው። ሰው የሚቀመጠው፣ የሚበላው፣ ፍራሹን ዘርግቶ የሚተኛው ወለሉ ላይ ነው። ታታሚ የተባለው ምንጣፍ ላዩ ኢጉሳ ከሚባል ሣር የተሸመነ ስለሆነ በቀላሉ ይቧጨራል። ይህን ካወቃችሁ ታታሚ ላይ የቤት ጫማ እንኳ እንደማይደረግ፣ የሻንጣ ጎማ እንደማይንከባለል ማንም ሳይነግራችሁ ትረዳላችሁ። ለመጸዳጃ ቤት ደግሞ ለብቻው የተለየ የቤት ጫማ በሩ ሥር ይቀመጣል። እንግዶች ሲገቡ አይሳሳቱም፤ የሚሳሳቱት ሲወጡ ነው። ያንኑ ጫማ እንዳደረጉ ወደ እራት ክፍል ይመለሳሉ፤ ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል።

በኒጆ ግንብም እንግዳ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። ሾጉን፣ ማለትም በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሀገሪቱን የሚገዛ የጦር አለቃ፣ የነበረው ቶኩጋዋ ኢኤያሱ በ1603 ያሠራው ይህ ቤተ መንግሥት ሲራመዱበት እንደ ወፍ የሚጮኽ የእንጨት ወለል አለው፤ ድምፁ በደንብ የሚሰማው እግር ሲቀልልና ሰው ዝም ሲል ነው። በ1867 የመጨረሻው ሾጉን ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ እንደሚመልስ ያስታወቀው እዚህ ነው። ከዚያ ለውጥ የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት መጣ፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሲያረቁ አብነት ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ኪዮቶ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ይህን ቤት ሳያይ ባይመለስ እመኛለሁ።

አውቶቡስና ባቡር

የኪዮቶ ከተማ አውቶቡስ በኋላ በር ተገብቶ በፊት በር ይወረዳል፤ ሒሳብ የሚከፈለው ሲወረድ ነው። በመሃል ከተማ የአዋቂ ዋጋ ርቀት ሳይለይ 230 የን ነው፤ ሾፌሩ መልስ ስለማይቆጥር ሳንቲሙን አስቀድሞ መዘርዘር ወይም በካርድ መክፈል ይሻላል። በፊት በር ለመግባት የሚታገል እንግዳ ከሚወርዱት ጋር ይጋጫል፤ መውረጃው ደርሶ ቦርሳውን የሚፈትሽ ደግሞ ወረፋውን ሁሉ ያቆማል።

ትልቁ ችግር ግን ሻንጣውና ጫጫታው ነው። ያው አውቶቡስ አረጋውያን ሐኪም ቤት የሚሄዱበት፣ ተማሪዎች ትምህርት ቤት የሚደርሱበት ነው። ጎብኚ ሲበዛ ነዋሪው መሳፈር አቃተው፤ ከተማዋ የቀን ሙሉ የአውቶቡስ ቲኬቷን በ2023 መሸጥ ያቆመችው ሕዝቡን ወደ ምድር ባቡሩ ለማከፋፈል ነበር። ትልቅ ሻንጣ ለማደሪያው ወይም ለጣቢያው ሣጥን መተው፣ ስልክን ዝም ማሰኘት፣ ከጓደኛ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት፣ ቦርሳን ከጀርባ አውርዶ በፊት መያዝ፤ ሁሉም የሚነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሰው ለሌላው የሚተወው ጸጥታና ስንዝር ቦታ ትልቅ ስጦታ ነው።

ባቡርን ካነሣን፣ ከቶክዮ ወደ ኪዮቶ በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ የሚያደርሰው ሺንካንሰን የተባለው ፈጣን ባቡር ሥራ የጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ነበር። በዚያው ወር 21ኛው ቀን አበበ ቢቂላ በቶክዮ ጎዳናዎች 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ፣ ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ዕድሜያቸው የገፋ ጃፓናውያን ከየት እንደመጣችሁ ሲሰሙ ስሙን ቢጠሩላችሁ አይግረማችሁ። ጨዋታው ሞቅ ሊል ይችላል፤ ባቡር ውስጥ ከሆናችሁ ድምፃችሁን ያዙ።

መቅደስና ገዳም

ፉሺሚ ኢናሪ ከኪዮቶ ጣቢያ በናራ መሥመር ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ነው፤ በጠዋት ሲሄዱበት መልካም ነው፤ በሩ ቀንና ሌሊት ክፍት ነው፣ መግቢያም አይከፈልበትም። በ711 እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር እምነት፣ መቅደስ የኢናሪ ነው፤ ኢናሪ የሩዝ አዝመራና የንግድ ጠባቂ ተብላ የምትታመን መንፈስ ስትሆን፣ በየጥጉ የቆሙት የድንጋይ ቀበሮዎች የእርሷ መልእክተኞች ናቸው። 233 ሜትር ከፍታ ያለውን ኮረብታ ተከትለው በሺህ የሚቆጠሩ ቀይ የእንጨት በሮች ተደርድረዋል። ቶሪ ይባላሉ። ሲወርዱ ዞር ብሎ ላየ በየምሰሶው ጀርባ ጥቁር ጽሕፈት አለ፤ የሰጪው ሰው ወይም ድርጅት ስምና የተሰጠበት ቀን ነው። እያንዳንዱ በር የአንድ ሰው ስእለት ወይም ምስጋና ነው ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ በምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ የሚነሣ ጎብኚ የማያውቀውን ሰው ስእለት ይደፍራል።

ቶሪ ከዚህ ወዲያ ሌላ ግዛት ነው የሚል ምልክት ነው። ምእመናን ከመግባታቸው በፊት ጥቂት ጎንበስ ይላሉ፤ የመንገዱ መሃል ለሚመለከው መንፈስ የተተወ ስለሆነ ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳሉ። በመግቢያው ባለው የውሃ ገንዳ በጭልፋ ግራ እጅን፣ ከዚያ ቀኝን ያጥባሉ፤ ለአፋቸውም በግራ መዳፍ ቀድተው ይጉመጠመጣሉ። ጭልፋውን አፍ ላይ ደግኖ መጠጣት እንግዶች በብዛት የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። ውሃው ለመንጻት እንጂ ለጥም አልተቀመጠም።

ከዚህ ወደ ኪዮሚዙ ሲሄዱ ብዙ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይሰናከላል። ኪዮሚዙ የቡድሃ ገዳም ነው፤ በ778 ተመሥርቶ የዛሬው ዋና አዳራሽ በ1633 የተሠራ፣ 13 ሜትር ከፍታ ባለው ገደል ላይ በትላልቅ የእንጨት ምሰሶዎች የቆመ ሰገነት ያለው ነው። በሺንቶ መቅደስ ሁለት ጊዜ ሰግዶ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ፣ አንድ ጊዜ ሰግዶ መጸለይ የተለመደ ነው። ጎብኚው ጠዋት ያየውን ይዞ ቡድሃው ፊት ያጨበጭባል። በገዳም ግን መዳፍን ገጥሞ በዝምታ መቆም ነው እንጂ ጭብጨባ የለም። ጃፓናውያን ራሳቸው ሁለቱንም ቦታ ያዘወትራሉ፤ ሕፃን ሲወለድ ወደ ሺንቶ መቅደስ ይወስዱታል፣ ሰው ሲሞት ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት የቡድሃ መነኩሴ ነው። ሁለቱን አስማምተው መኖራቸው ግን ሥርዓታቸውን ያደባልቃሉ ማለት አይደለም።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ አንድ የኅሊና ጥያቄ ያነሣሉ፦ «እምነቴ አይደለም፤ ምን ላድርግ?» ጥያቄው ክብር ይገባዋል። ማንም እንግዳ እንዲሰግድ ወይም እንዲያጨበጭብ አይጠበቅበትም። ኮፍያን አውልቆ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ የሚጸልየውን ሰው ሳይጋርዱ ከዳር መቆም በቂም ተገቢም ነው። ሳያምኑ ለካሜራ ሲሉ የጸሎትን ሥርዓት መጫወቻ ማድረግ ግን ለእነሱም ለእኛም ነውር ነው። የእኛን ቅዳሴ አንድ እንግዳ እንዲያ ቢያደርገው ምን እንደሚሰማን እናውቀዋለን።

የሙታን ሥርዓት በሕያዋን ማዕድ

ምሳ ላይ ከሁሉም የሚከብደውን ድንበር እናገኛለን።

በጃፓን ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው አስከሬን ይቃጠላል። ቤተ ዘመድ እሳቱ ሲበርድ ተሰብስቦ አጥንቱን ከአመዱ በረጃጅም ቾፕስቲክ ይለቅማል፤ አንዱ ለሌላው በቾፕስቲክ እያቀበለ ወደ ማሰሮው ያስገባል። ከእግር ተጀምሮ ወደ ራስ ይኬዳል፤ ሟቹ በማሰሮው ውስጥ በእግሩ እንዲቆም ነው። በአስከሬኑ ራስጌ ደግሞ ቾፕስቲክ ቀጥ ብሎ የተተከለበት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ይቀመጣል።

አሁን የምግብ ቤቱን ጠረጴዛ አስቡ። አንድ እንግዳ ስልኩን ለማንሣት ቾፕስቲኩን ሩዙ ላይ ይተክላል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሴት ባለፈው ዓመት አባቷን የቀበረች ብትሆን ያየችው ነገር ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ለዚህ ነው ጉዳዩን የገበታ ሥነ ሥርዓት ብቻ ብዬ የማላልፈው። ቾፕስቲክ የሚያርፍበት ትንሽ መደገፊያ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ከሌለም በሳህኑ ላይ አጋድሞ መተው ይቻላል።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ኢትዮጵያዊ ሲወድ ያጎርሳል። ከጣፈጠው ምግብ በቾፕስቲኩ ያነሣና ለወዳጁ ይዘረጋል፤ ጃፓናዊው እንዳይከፋው ብሎ በራሱ ቾፕስቲክ ለመቀበል ይዘረጋል። ሁለቱ በአየር ላይ ሲገናኙ የአጥንት ለቀማው ሥርዓት ተፈጸመ። በቀጥታ ወደ አፍ ማጉረስ ደግሞ ለሕፃን ወይም ለፍቅረኛ የሚደረግ ስለሆነ ሰውዬውን ያሸማቅቀዋል። ፍቅሩ አይቅር፤ ምግቡን በእንግዳችሁ ትንሽ ሳህን ላይ አስቀምጡለት።

ይኸው ድንበር በልብስም አለ። በሪዮካን ለእንግዳ የሚሰጠው ዩካታ፣ እንዲሁም ኪሞኖ፣ ለወንድም ለሴትም የግራው ጠርዝ ከላይ ሆኖ ይደረባል። የቀኙ ከላይ ከሆነ የአስከሬን አለባበስ ነው። እኛ ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ ስናይ ቤቱ ኀዘን እንደገባው እንደምንረዳ ሁሉ፣ እነሱም በአንድ እይታ ያነቡታል። ኪሞኖ የሚያከራዩ ሱቆች ራሳቸው ስለሚያለብሱ ስሕተቱ የሚፈጠረው ማታ፣ እንግዳው ብቻውን በክፍሉ ሲለብስ ነው። በመተላለፊያው የምታገኙት አስተናጋጅ ፈገግ ብላ ጠርዙን በእጇ ካሳየቻችሁ፣ ተመልሳችሁ አስተካክሉት።

ጾመኛው መንገደኛ

ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በዐቢይ ጾም ወደ ጃፓን የሚሄድ ሰው «ሩዝና አትክልት የሞላበት ሀገር ነው፣ አልቸገርም» ብሎ ይነሣል። ችግሩ መረቁ ውስጥ ነው። የጃፓን ወጥ ቤት መሠረቱ ዳሺ የሚባል መረቅ ሲሆን፣ በብዛት የሚሠራው ኮንቡ ከተባለ የባሕር ቅጠልና ደርቆ እንደ ፍቅፋቂ ከተፋቀ ካትሱኦ የተባለ ዓሣ ነው። የሚሶ ሾርባ ከአኩሪ አተር የተሠራ ቶፉና ቅጠል ብቻ ይመስላል፤ ውሃው ግን ዓሣ ነክቶታል። የተቀቀለ ስፒናችም፣ የእንቁላል ጥቅልም፣ የኑድል መረቅም እንዲሁ። አስተናጋጇን «ሥጋ አለው?» ብትሏት «የለውም» ትላለች፤ አልዋሸችም፣ በእሷ አእምሮ መረቅ ሥጋ አይደለምና። ስለዚህ ጥያቄው «ዳሺው ከምን ተሠራ?» መሆን አለበት።

መፍትሔው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ጾመኛን ከማንም በላይ የምታስተናግደው ከተማ ኪዮቶ ራሷ ናት። ዜን የተባለው የቡድሃ እምነት ክፍል መነኮሳት ሾጂን ሪዮሪ የሚሉት ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም፤ መረቁም የሚወጣው ከኮንቡና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ነጭና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፤ በወጣችን ለለመደ ምላስ ይህ ያስገርማል። መነኩሴው ዶገን በ1237 ለገዳም ወጥ ሠሪ መመሪያ ጽፎ ማብሰልን ከጸሎት እኩል አድርጎታል። በኪዮቶ አራሺያማ ሰፈር የሚገኘው የቴንሪዩጂ ገዳም ሺገትሱ በተባለው ቤቱ ይህን ምግብ ለእንግዳ ያቀርባል፤ ቀድሞ ቦታ መያዝ ይበጃል። በናንዘንጂ ገዳም አካባቢ ደግሞ ዩዶፉ፣ ማለትም በኮንቡ ውሃ ውስጥ የሞቀ ቶፉ የሚያቀርቡ የቆዩ ቤቶች አሉ፤ ቶፉው ቢጾምበትም ማጥቀሻው ሶስ ዓሣ ሊኖረው ስለሚችል መጠየቅ ነው።

ሙስሊም መንገደኛ ከአሳማ መረቁ ሌላ ሳኬና ሚሪን የተባሉትን የሩዝ መጠጦች ማጣራት አለበት፤ ለጣዕም ብዙ ወጥ ውስጥ ይገባሉ። ሐላል ብለው የሚያበስሉ ቤቶች በኪዮቶ አሉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት አድራሻቸውን ብትይዙ ቀኑ አይበላሽም።

ገበያውና ቆሻሻው

የኒሺኪ ገበያ 400 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከ100 በላይ ሱቆች የተሰለፉበት ጠባብ መንገድ ነው። የገዙትን እየበሉ መሄድ እዚያ አይፈቀድም፤ ሱቁ ፊት ቆሞ ጨርሶ፣ እንጨቱንና ወረቀቱን ለሸጠው ሰው መመለስ ነው። መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ አትፈልጉ፤ አታገኙም። በ1995 በቶክዮ ምድር ባቡር ሳሪን የተባለው መርዘኛ ጋዝ ከተለቀቀ በኋላ መጣያዎች ከጣቢያና ከአደባባይ በብዛት ተነሥተዋል፤ ሕዝቡም ቆሻሻውን በቦርሳው ይዞ ቤቱ መድረስን ለመደ። ትንሽ ፌስታል ያዙ።

ጊዮን ሲመሽ

ማታ ላይ ሁሉም ወደ ጊዮን ሰፈር ይጎርፋል፤ በኪዮቶ ጌይኮ የሚባሉትን የዘፈንና የጭፈራ ባለሙያዎች፣ ወይም ማይኮ የሚባሉትን ወጣት ተለማማጆች ለማየት። ቀን ላይ በኪሞኖ ከምታዩአቸው ሴቶች አብዛኞቹ ልብሱን የተከራዩ ጎብኚዎች ናቸው። እውነተኛዋ ማይኮ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ፣ በፍጥነት ስትራመድ ነው፤ ወደ ሥራ እየሄደች ነውና። እንግዳ በሚጠብቃት የሻይ ቤት መዘግየት አትችልም።

ጎብኚዎች መንገድ ዘግተውባት ካሜራ ይደቅኑባታል፤ እጅጌዋን የሚጎትቱም ነበሩ። ነዋሪዎቹ በ2019 በግል መተላለፊያዎች ፎቶ እንዳይነሣ 10,000 የን ቅጣት የሚል ሰሌዳ ተከሉ፤ ያም ስላልበቃ በ2024 እነዚያ ጠባብ መተላለፊያዎች ለጎብኚ ተዘጉ። ዋናው የሃናሚኮጂ ጎዳና የሕዝብ ስለሆነ ክፍት ነው። ነዋሪዎቹ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ካሜራ የያዘ እንግዳ ሳያስፈቅድ ፊት ላይ ሲደቅን ምን እንደሚሰማ በኦሞ ሸለቆ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። ማይኮዋ ስታልፍ ዳር ይዞ ማሳለፍ ነው፤ ያየ ዐይን ፎቶ ባይኖረውም አይቷል።

ፍል ውሃና ንቅሳት

የእኛም ሀገር ፍል ውሃ ያውቃል፤ ሶደሬም ወንዶ ገነትም አሉ። የጃፓኑ ልዩነት ገንዳው የሚያጸዳ ሳይሆን የጸዳ ሰው የሚያርፍበት መሆኑ ነው። ውሃውን ሁሉም ይጋራዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ በሳሙና መታጠብ፣ አረፋውን ፈጽሞ ማስለቀቅ፣ ረጅም ፀጉርን ጠቅልሎ ማሰር፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መግባት ነው። ትንሿ ፎጣ ውሃው ውስጥ አትገባም፤ ራስ ላይ ወይም ዳር ላይ ትቀመጣለች። የመዋኛ ልብስም አይፈቀድም።

ራቁት መሆኑ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ ሊገደድበት የሚገባም ሰው የለም። ብዙ ሪዮካኖች ለአንድ ቤተሰብ ብቻ በሰዓት የሚከራይ ገንዳ አላቸው። በአራሺያማ የራንደን ባቡር ጣቢያ ደግሞ ሱሪን እስከ ጉልበት ሰብስቦ እግር ብቻ የሚነከርበት ፍል ውሃ አለ፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለዞረ ሰው ይህም ትልቅ እረፍት ነው። የወንድና የሴት መግቢያ በመጋረጃ ይለያል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሪዮካኖች ሁለቱ ገንዳዎች በየቀኑ ወይም በየሰዓቱ ይቀያየራሉ። ትናንት ማታ የገባችሁበት በር ዛሬ ጠዋት የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ መጋረጃውን ሳታነቡ አትግቡ።

ንቅሳትን በተመለከተ ነገሩ ያሳስበኛል። ከሾጉኖቹ በኋላ የመጣው የሜጂ መንግሥት በ1872 መነቀስን ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1948 ነው። በኋላም ሙሉ አካልን መነቀስ ያኩዛ የሚባሉት የወንጀል ቡድኖች መታወቂያ ሆነ፤ መታጠቢያ ቤቶች «ንቅሳት ያለው አይግባ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉት እነሱን ለማራቅ ነበር። ሰሌዳው ግን ሰውን አይለይም። በ2013 በአገጯ ላይ የሕዝቧን ባህላዊ ንቅሳት የያዘች የኒው ዚላንድ የማኦሪ ተወላጅ ሴት በሆካይዶ ከአንድ ፍል ውሃ ተመልሳለች፤ ጉዳዩም በሀገሪቱ ብዙ አነጋገረ። ግንባሯ ላይ መስቀል ወይም አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት የእኛ እናት ልጇን ልትጠይቅ ብትሄድ ይኸው ሊገጥማት ይችላል። በእሷ አካል ላይ ያለው እምነትና ውበት ነው፤ ሰሌዳው የሚፈራው ሌላ ነው። ስለዚህ ልጆች ቀድማችሁ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ትንሽ ንቅሳት በቆዳ ቀለም ፕላስተር ሲሸፈን የሚቀበሉ አሉ፤ ሴንቶ የሚባሉት የሰፈር መታጠቢያ ቤቶችም በብዛት አይከለክሉም። እናት በር ላይ ደርሳ እንድትመለስ መደረግ የለበትም።

ማንም ሳይቆጣ

ከላይ የዘረዘርኳቸው ስሕተቶች ሲፈጸሙ የሚጮኽ ሰው አይኖርም፤ እንግዳው በስሕተቱ የሚቀጥለውም ለዚህ ነው። ጃፓናዊው ራሱን ዘንበል ያደርጋል፣ በጥርሱ መሃል አየር ይስባል፣ «ቾቶ...» (ትንሽ...) ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይተዋል። ይሉኝታ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማንበብ ብዙ አይቸገርም፤ ያልጨረሰው ዓረፍተ ነገር «አይሆንም» ነው። ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ የመስቀልኛ ምልክት ካሳያችሁ ደግሞ ግልጽ ክልከላ ነው፤ እንደ ቁጣ አትቁጠሩት፣ ቋንቋ ለማይገባው ሰው የሚደረግ እርዳታ ነው።

ቲፕም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ የተተወ ገንዘብ እንደ ተረሳ ዕቃ ይቆጠራል፤ አስተናጋጁ ሥራውን ጥሎ እየሮጠ ይመልስላችኋል። ምስጋና ለመግለጽ ከሀገር ቤት የተያዘ ትንሽ ቡና በሁለት እጅ መስጠት ይበልጣል፤ በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል እዚያም የአክብሮት ምልክት ነው፣ እኛም ቀኝ እጃችንን በግራ ደግፈን ስንሰጥ ኖረናል።

ስሕተቱ ሲታወቃችሁ የሚደረገው አጭር ነው። ቁሙ፤ ጥቂት ጎንበስ ብላችሁ «ሱሚማሰን» (ይቅርታ) በሉ፤ የሠራችሁትን ወዲያው አስተካክሉ። ከእርከኑ ውረዱ፣ ጫማውን ቀይሩ፣ ፎቶውን አጥፉ። እኛ ይቅርታ ስንጠይቅ መሐላና ረጅም ማብራሪያ እንጨምራለን፤ «ኧረ ሳላውቅ ነው፣ በአገሬ እንዲህ አይደለም» እያልን ሰውየውን እንይዘዋለን። እዚያ ይህ ጭነቱን ያበዛዋል፤ የተበደለው ሰው ተመልሶ እናንተን ማጽናናት ይገባው ይመስለዋል፣ ከኋላችሁ ደግሞ ሊያስተናግደው የሚገባ ሰልፍ ቆሟል።